ርኅራኄ ከችሎት ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? የሚኞኔት ጉዳይ

ሁለት መርከበኞች አንድ ልጅ ገደሉ። አብሯቸው የነበረው ሦስተኛ ሰውም ከሬሳው በላ። አገራቸው ሲመለሱ የሆነውን አንድ በአንድ ተናገሩ፣ ምንም አልደበቁም። ሕዝቡ አዘነላቸው። የሟቹ ወንድም ሳይቀር ችሎት መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። ፍርድ ቤቱ ግን ሁለቱን ገዳዮች በሞት ቀጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ያ የሞት ፍርድ ወደ ስድስት ወር እስር ወረደ።

ጉዳዩ በ1884 በእንግሊዝ የታየው የደድሊና የስቲቨንስ ክስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንግሊዝን ሕግ በሚከተሉ አገሮች የወንጀል ሕግ የተማረ ሰው ይህን ክስ አያጣውም። ብዙ ጊዜ የሚተረከው "ሕዝቡ በስሜት ተነዳ፣ ዳኞቹ በአመክንዮ ጸኑ" እየተባለ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ችግሩ ፍርዱን ቁጭ ብሎ ላነበበ ሰው አይገጥምም። ሒሳብ ይዘው የመጡት ተከሳሾቹ ናቸው። ስሜት የሞላበት ደግሞ የዳኞቹ ጽሑፍ ነው። ለኔ የጉዳዩ ቁም ነገር ስሜት ተሸነፈ ወይስ አሸነፈ የሚለው አይደለም። ማን፣ ለማን፣ በየትኛው በር ገብቶ እንዲራራ ተፈቀደለት የሚለው ነው።

ባሕር ላይ የሆነው

ሚኞኔት ትንሽ የመዝናኛ መርከብ ናት። አንድ የአውስትራሊያ ጠበቃ ገዛት፤ እሷ እንግሊዝ፣ እሱ ሲድኒ። ስለዚህ አንድ ሰው ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊያደርስለት ነው። ሥራውን ካፒቴን ቶም ደድሊ ወሰደ። ምክትሉ ኤድዊን ስቲቨንስ፣ መርከበኛው ኤድመንድ ብሩክስ እና ሪቻርድ ፓርከር የሚባል የ17 ዓመት ልጅ አብረውት ተሳፈሩ። ፓርከር ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ሜይ 19 ከሳውዝሃምፕተን ተነሡ። ጁላይ 5 ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ 1600 ማይል ያህል ርቀው ሳለ ማዕበል መታቸውና መርከቧ በደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች። አራቱም አራት ሜትር በምትሆን ትንሽ ጀልባ ላይ ወጡ። የያዙት ምግብ ሁለት ጣሳ ተርኒፕ (የሥር አትክልት) ብቻ ነው። የሚጠጣ ውኃ የለም። በአራተኛው ቀን አንድ የባሕር ኤሊ ያዙ፣ እሱን እየቆጠቡ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ቆዩ። ዝናብ ሲጥል የዝናብ ልብሳቸውን ይዘረጉና የተጠራቀመችውን ጠብታ ይጠጣሉ። ዝናቡ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ምግብ ካዩ ሰባት ቀን፣ ውኃ ካገኙ አምስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ፓርከር ጥሙን መቋቋም አቅቶት የባሕር ውኃ ጠጥቶ ታመመ። ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋድሟል። ደድሊና ስቲቨንስ ያን ጊዜ ብሩክስን "ማንም ካልመጣልን አንዳችን ለሌሎቹ መሞት አለብን" ብለው አነጋገሩት። ብሩክስ አልተስማማም። ልጁን የጠየቀው የለም።

ደድሊ ዕጣ እንጣል የሚል ሐሳብም አነሣ። በዘመኑ በመርከበኞች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ዕጣ መጣል የታወቀ ልማድ ነበር፤ ዕጣው የወጣበት ይሞታል፣ ሌሎቹ ይተርፋሉ። ብሩክስ አሁንም እምቢ አለ፤ ዕጣውም ሳይጣል ቀረ። ከዚያ ወሬው ወደ ቤተሰብ ዞረ። እኛ ሚስትና ልጆች አሉን፣ እሱ ማንም የለውም፣ ደግሞም እየሞተ ነው ተባለ። እስከ ነገ ጠዋት መርከብ ካልታየ ልጁ ይገደል ብሎ ደድሊ ሐሳብ አቀረበ።

በማግሥቱ መርከብ አልታየም። ደድሊ ብሩክስን ሄደህ ተኛ አለው። ጸሎት አደረገ፣ ቸኩለን ለምናደርገው ነገር ይቅር በለን ብሎ። ስቲቨንስ ተስማማ። ደድሊ ወደ ልጁ ሄዶ "ጊዜህ ደርሷል" አለውና ሰንጢውን አንገቱ ላይ አሳረፈ። ሦስቱም ለአራት ቀን በሥጋውና በደሙ ቆዩ። በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 29፣ ሞንቴዙማ የምትባል የጀርመን መርከብ አገኘቻቸው።

ፋልመዝ ላይ

ሴፕቴምበር 6 እንግሊዝ፣ ፋልመዝ ወደብ ደረሱ። መርከብ የጠፋበት ካፒቴን የሆነውን ለባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታው ስለሆነ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ፤ ልጁን መግደላቸውንም ጭምር። እዚያ የነበረ የፖሊስ ሳጅን ሲሰማ ቆይቶ ልጁ የተገደለበትን ሰንጢ ጠየቀ። ደድሊ ሰጠው፣ ግን ማስታወሻዬ ስለሆነ ትመልስልኛለህ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ወንጀል ሠርቻለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የገደለበትን ስለት ለፖሊስ አስረክቦ መልስልኝ አይልም። ደድሊ በራሱ ዓይን ከመከራ የተረፈ ካፒቴን ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። አብዛኛው ሕዝብም እንደዚያው አየው። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ተዋጣ። የፓርከር ታላቅ ወንድም ዳንኤል እሱም መርከበኛ ነው፤ ሰዎቹ ችሎት በቀረቡ ጊዜ መጥቶ ጨበጣቸው። ለልጁ በቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ደግሞ እስጢፋኖስ ሲወገር የጸለየው ተጻፈ፦ "ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው።"

እንግዲህ ተበዳይ ይቅር ብሏል፣ ሕዝብ ይቅር ብሏል። ከሳሽ የሆነው መንግሥት ብቻ ነው።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ዊሊያም ሃርኮርት ይከሰሱ አሉ። መንግሥት የፈለገው ሰዎቹን መስቀል አልነበረም፤ የፈለገው ፍርድ ነው። ከዚያ በፊት በባሕር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ነገሩ ተድበስብሶ ይቀር ነበር። በ1874 ዩክሲን ከምትባል መርከብ የተረፉ ሰዎችም ሬሳ በልተው ክስ ተጀምሮባቸው ነበር፣ ግን መቋጫ ሳያገኝ ቀረ። አሁን የማያሻማ ቃል ያስፈልጋል ተባለ።

ለክሱ ምስክር ጠፋ። ጀልባዋ ላይ የነበሩት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ብሩክስ ላይ የነበረውን ክስ አንሥቶ ምስክር አደረገው። ከሬሳው እኩል የበላ ሰው ነው። በግድያው አልተስማማም፣ እውነት ነው፣ ግን ልጁን ለማዳንም አልተነሣም። ሕግ እንዲህ ያለውን ስሌት ሳያፍር ይሠራል፤ "ቀዝቃዛ" የሚባለው የሕግ ጎን ካለ እኔ እዚህ ጋ ነው ያየሁት።

ጁሪው ልቡን የተቀማበት ዘዴ

ክሱ ኖቬምበር ውስጥ ኤክሰተር ከተማ ተሰማ። ዳኛው ባሮን ሃድልስተን ናቸው፤ ፍሬ ነገሩን የሚወስነው ደግሞ ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተውጣጡ 12 ሰዎች። የጁሪ ሥርዓት ባሕርዩ ይታወቃል። ጁሪው ነፃ ናቸው ካለ አለቀ፣ ምክንያቱን አይጠየቅም፣ የሚሽረውም የለም። ሕጉ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን 12 ሰዎች ልባቸው ከራራ ተከሳሹ ቤቱ ይገባል። ስሜት በሕጋዊ መንገድ ችሎት የሚገባበት ትልቁ በር ይሄ ነው።

ሃድልስተን ይህን በር ዘጉት። ጁሪውን እንዲሁ በደፈናው "ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም" ብለው አላሰናበቱትም። በሕግ በኩል ይህ ነፍስ ግድያ ነው አሉና ሁለት ምርጫ ሰጡ፤ ወይ በዚሁ መሠረት ጥፋተኛ በሉ፣ ወይ "ልዩ ብያኔ" የሚባለውን ስጡ። በልዩ ብያኔ ጁሪው የሆነውን ብቻ ይዘረዝራል፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን ለከፍተኛ ዳኞች ይተዋል። የብያኔውን ጽሑፍ ዳኛው ራሳቸው አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር። አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡ፣ ጁሪው እሺ እሺ አለ።

ይህን ሳነብ የምገረመው በብልጠቱ ነው። ጁሪውን አታልቅስ ያለው የለም። እንዲያውም ያ ሁሉ መከራ፣ ረሃቡ፣ ጥሙ፣ ልጁ ወለል ላይ መጋደሙ፣ ጸሎቱ፣ ሁሉም ብያኔው ውስጥ ተጽፏል። ጁሪው ማዘን ይችላል፤ ሐዘኑ ግን ወደ ውሳኔ የሚቀየርበት ማርሽ ተነቅሏል። ጁሪው መጨረሻ ላይ የተስማማበት፣ ይህ ሁሉ ግድያ ይሁን አይሁን እኛ አናውቅም፣ የፍርድ ቤቱን ምክር እንጠይቃለን የሚል ነው።

ብያኔው ውስጥ ግን ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነገር ነበረበት። ሰዎቹ ልጁን ባይበሉ ኖሮ ምናልባት በሕይወት አይገኙም ነበር ይላል። ልጁ ከነሱ ቀድሞ ሳይሞት አይቀርም ነበር ይላል። አንድ ሰው ካልተገደለ በቀር የሚተርፉበት ይህ ነው የሚባል ዕድል አልነበረም ይላል። የተከሳሽ ጠበቃ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከዚያ መጨረሻው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። አንድ ሰው መግደል የግድ ነበር ቢባል እንኳ ልጁን መግደል ከሌሎቹ ከሦስቱ አንዱን ከመግደል የበለጠ የግድ አልነበረም ትላለች።

የሰዎቹ ክርክር የፈረሰው እዚህች ላይ ነው።

ዲሴምበር 9

ጉዳዩ ለንደን በአምስት ዳኞች ፊት ቀረበ። ፍርዱን ያነበቡት ጠቅላይ ዳኛው ሎርድ ኮልሪጅ ናቸው።

የመከላከያው ክርክር የግድ መሆን ነው፤ ሌላ መውጫ ስላልነበረ አደረግነው የሚል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የሕጉ ጥያቄ ችግር እስከየት ድረስ ያስኬዳል የሚለው ነው። የጠበቆቹ መንገድ ከሒሳብ የማይርቅ ነው፤ አራቱም ከሚሞቱ አንድ፣ ያውም ሊሞት የተቃረበ፣ ቢሞት ይሻላል። ስሜት የለበትም። የጥንቱ የእንግሊዝ የሕግ ሰውና ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ከጻፉት የቆየ ምሳሌም ጠቀሱ፤ ሁለት ሰዎች መርከባቸው ሰጥማ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ሳንቃ ላይ ቢንጠላጠሉና አንዱ ሌላውን ገፍቶ ቢተርፍ ጥፋት የለበትም የሚል።

ኮልሪጅ አልተቀበሉም። ቤከን እንዲያ ማለታቸው ከሆነ ዛሬ ሕግ አይደለም አሉ። ከአሜሪካ የመጣ ፍርድም ቀርቦላቸው ነበር። ዊልያም ብራውን የምትባል መርከብ በ1841 ሰጥማ መርከበኞች ከነፍስ አድን ጀልባ ላይ መንገደኞችን ወደ ባሕር ወርውረዋል፤ ሆልምስ የተባለው መርከበኛ በ1842 ፊላዴልፊያ ላይ ተከሶ ስድስት ወርና 20 ዶላር ተቀጣ። የዚያ ችሎት ዳኛ ዕጣ መጣል ነበረባቸው ብለው ነበር። ኮልሪጅ ግን ይህ ምክንያት እንግዳ ነው፣ እኛን አያስገድደንም ብለው አለፉት።

ከዚያ የራሳቸውን ምክንያት ጀመሩ። ይህ የአመክንዮ ድል ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል ዳግም አንብቡት ማለት እፈልጋለሁ። የሕግ አንቀጽ እየጠቀሱ የሚሄዱ አይደሉም። ሕይወትን ማዳን በጥቅሉ ግዴታ ነው፣ ሕይወትን መሠዋት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ግዴታ ሊሆን ይችላል አሉ። ካፒቴን ለመርከበኞቹ፣ መርከበኛ ለመንገደኛው፣ ወታደር ለሴቶችና ለሕፃናት እንዲሞት ይጠበቅበታል አሉ፤ በ1852 በርከንሄድ የተባለችው የጦር መርከብ ስትሰጥም ወታደሮቹ ሴቶችና ልጆች ጀልባ ላይ እንዲወጡ ተሰልፈው የቆሙበትን ታሪክ አነሡ። የግሪክና የሮማ ደራሲያንን አነሡ። ክርስቲያን አገር ውስጥ ስለሆንን የምንከተለውን የዚያን የታላቁን አርአያ ማስታወስ ይበቃል አሉ። ክብር፣ እፍረት፣ አድናቆት፣ እምነት። ይህ ሁሉ ስሜት ካልሆነ ምን ልንለው ነው?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄያቸው ግን ይሄ ነው። የማንን ሕይወት ዋጋ ማን ይመዝናል? በጉልበት ነው፣ በዕውቀት ነው፣ ወይስ በምን? መዛኙ እኮ በውሳኔው የሚጠቀመው ሰው ራሱ ነው። የተመረጠው ደግሞ ከሁሉ ደካማው፣ ከሁሉ ልጁ፣ መከላከል የማይችለው ነው። እሱን መግደል ከአዋቂዎቹ አንዱን ከመግደል የበለጠ የግድ ነበር ወይ ብለው ጠይቀው፣ መልሱ አልነበረም መሆን አለበት አሉ። ይህን በር አንዴ ከከፈትነው ልጓም ለሌለው ስሜትና ለአሰቃቂ ወንጀል ሕጋዊ ካባ ይሆናል ብለውም አስጠነቀቁ።

ይህን ልብ በሉ። ዳኛው የተከሳሾቹን ሒሳብ ሒሳብ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ከሥሩ ያለውን ፍርሃትና ራስን መውደድ አዩ። ሦስት ይበልጣል አንድ ያንሳል የሚለው ስሌት በርቀት ንጹሕ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን አንዱ ማን ይሁን የሚለውን የወሰነው ሒሳብ አይደለም። ወላጅ የለውም። ሚስት የለውም። ታሟል። ራሱን መከላከል አይችልም። ዕጣ ቢጣል እኮ የደድሊም ስም ሊወጣ ይችል ነበር። እኔ የዳኛው ቁጣ ከጠበቆቹ ስሌት የተሻለ አሰበ ባይ ነኝ፤ ቁጣው በስሌቱ ውስጥ ቦታ ያላገኘውን ሰው አየ።

የሕዝቡ ርኅራኄ ይህን ልጅ ለማየት ተቸግሮ ነበር። በሕዝቡ አልፈርድም። ደድሊ በፊታቸው ነው፣ ከስቷል፣ ያወራል፣ ሚስቱ አብራው ትጨነቃለች። ፓርከር ግን የለም። ሟች አፍ የለውም፣ ወላጅ የሌለው ሟች ደግሞ የሚናገርለትም የለውም። ወንድሙ እንኳ መጥቶ የጨበጠው ገዳዮቹን ነው። ርኅራኄ ወደሚታይ ሰው ያደላል። ችሎት በዚያ ቀን የሠራው ትልቁ ሥራ እዚያ የሌለውን ሰው መቁጠር ነበር ማለት ይቻላል።

ንግሥቲቱ ትማር

ፍርዱ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ኮልሪጅ የጻፉት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል፦ "ብዙ ጊዜ ራሳችን ልንደርስበት የማንችለውን መለኪያ ለማቆም፣ ራሳችን ልንፈጽመው የማንችለውን ሕግ ለመደንገግ እንገደዳለን።" ቀጥለውም ሰው ራሱ በፈተናው ሊወድቅ ይችል የነበረ ቢሆን እንኳ ፈተናን ማመካኛ ማድረግ አይችልም፣ ለወንጀለኛው ያለው ርኅራኄም የወንጀሉን ሕጋዊ ትርጉም እንዲለውጥ ወይም እንዲያላላ ሊፈቅድ አይችልም አሉ።

እኔ እዚያ ብሆን እንደነሱ አደርግ ነበር ይሆናል፣ ቢሆንም ግድያ ነው፤ በአጭሩ ማለት የፈለጉት ይሄ ነው። ለዳኛ ቀላል ንግግር አይደለም። ራሱን ከተከሳሹ በላይ አላስቀመጠም።

ከዚያው ገጽ ላይ ግን ሰዎች እየዘለሉ የሚያልፉት ነገር አለ። ሕጉ በግለሰቦች ላይ እጅግ የከበደ ከመሰለ ምሕረት የማድረግ ሥልጣን ሕገ መንግሥቱ ይበልጥ ለሚገባቸው እጆች ሰጥቶታል፣ ለዘውዱ ይተው ይላል። ማለትም ዳኞቹ ርኅራኄን አልሻሩትም፣ አድራሻውን ነው የቀየሩት። እዚህ ችሎት አትምጣ፣ ጎረቤት ቢሮ ሂድ አሉት።

በዚያ ዘመን ለነፍስ ግድያ ያለው ቅጣት ሞት ብቻ ነው፣ ዳኛው አማራጭ የለውም። የሞት ፍርዱ ተነበበ። ዳኞቹ፣ ጠበቆቹ፣ ጋዜጠኞቹ እና ምናልባትም ተከሳሾቹ ራሳቸው ሰዎቹ እንደማይሰቀሉ ያውቃሉ። ዲሴምበር ሳያልቅ በንግሥት ቪክቶሪያ ስም፣ በሃርኮርት አማካሪነት፣ ቅጣቱ ወደ ስድስት ወር እስር ወረደ፣ ያውም ከባድ የጉልበት ሥራ የሌለበት። ሜይ 1885 ላይ ተፈቱ።

ፍርዱ ያን ያህል መጽናት የቻለው ምሕረቱ ከግድግዳው ማዶ ስለነበረ ነው። ኮልሪጅ ይህ ፍርድ በእርግጥ ሰዎቹን ገመድ ላይ እንደሚያወጣቸው ቢያውቁ ኖሮ ያንኑ ቃል ይጽፉ ነበር? አይመስለኝም፤ ቢያንስ አምስቱም አይስማሙም ነበር። "ቀዝቃዛው" አመክንዮ የቆመው በሌላ ክፍል ተቀምጦ በሚጠብቀው ርኅራኄ ላይ ተደግፎ ነው።

አሠራሩ ጥቅም አለው። ሕጉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የተራበ ሰው ደካማውን መብላት አይችልም ተባለ፣ ቅጣቱ ደግሞ ሰዎቹ ያሳለፉትን መከራ ያገናዘበ ሆነ። ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ ለማድረግ ቢሞከር አንዱ ሌላውን ማበላሸቱ አይቀርም ነበር፤ ጁሪው ነፃ ቢላቸው ኖሮ ቀጣዩ ካፒቴን "ደድሊም እኮ ተለቋል" ይላል።

ዋጋም አለው። ምሕረት መብት አይደለም። በግልጽ ችሎት ክርክር አይደረግበትም፣ እንደ ፍርድ ምክንያቱ ተዘርዝሮ አይነበብም፣ ይግባኝ የለውም። ለምን ስድስት ወር? ለምን ሦስት ዓመት አልሆነም፣ ለምን ሦስት ወር አልሆነም? ደድሊና ስቲቨንስ ጋዜጣ የሚጽፍላቸው፣ ሕዝብ ገንዘብ የሚያዋጣላቸው ሰዎች ነበሩ። ማንም የማያውቀው፣ ማንም የማያዝንለት ሰው በዚያው ሕግ ቢፈረድበት ያ ጎረቤት ቢሮ በሩን ያን ያህል ፈጥኖ ይከፍትለታል ወይ የሚለውን መጠየቅ ተገቢ ነው። በችሎት ውስጥ እንዳያዳላ የተከለከለው ርኅራኄ በምሕረት በኩል ሲሄድ የሚቆጣጠረው የለም።

ሌላም ዋጋ አለ። ደድሊ በፍርዱ ትክክለኛነት አላመነም። ለሱ መንግሥት አንድ ጊዜ ነፍሰ ገዳይ አለው፣ ወዲያው ደግሞ ግማሽ ዓመት ታስረህ ውጣ አለው፤ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ስድስት ወር ምንድን ነው፣ ካልሆነስ ስድስት ወሩ ለምን? ሕጉ ሁለት ቃል ሲናገር ተከሳሹ የሚሰማው የሚመቸውን ነው። ከእስር ሲወጣ ወደ አውስትራሊያ ሄደ፣ በ1900 ሲድኒ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ።

ከ116 ዓመት በኋላ

ጥያቄው በ2000 እንደገና እንግሊዝ ፍርድ ቤት መጣ፣ በዚህ ጊዜ ከባሕር ሳይሆን ከሆስፒታል። ሁለት ሴት ልጆች ተጣብቀው ተወለዱ። አንደኛዋ ልብና ሳንባዋ ራሷን ማኖር አይችልም፣ በእኅቷ ደም ዝውውር ነው የምትኖረው። ካልተለያዩ ሁለቱም ይሞታሉ። ከተለያዩ ጠንካራዋ ትኖራለች፣ ደካማዋ በቀዶ ሕክምናው ላይ ትሞታለች። ወላጆቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት እምቢ አሉ። ሐኪሞቹ ፈቃድ ጠየቁ።

የደድሊ ፍርድ መሐል ላይ ተቀመጠ። ደካማዋን መግደል ጠንካራዋን ለማዳን፤ ከፓርከር በምን ይለያል? ሦስቱ የይግባኝ ዳኞች ፈቀዱ፣ ምክንያታቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ሎርድ ጀስቲስ ዋርድ ይህ የሕግ እንጂ የሥነ ምግባር ፍርድ ቤት አይደለም አሉና፣ ቀጥለው በገጽ ላይ ገጽ የጻፉት ሥነ ምግባር የሞላበት ነው (ይህን ስል በክፉ አይደለም፣ ሌላ ምን ሊጽፉ ይችሉ ነበር?)። የግድ መሆንን በቀጥታ የተቀበሉት ሎርድ ጀስቲስ ብሩክ ናቸው፤ እሳቸውም ወደ ኮልሪጅ ጥያቄ ተመለሱ፣ ማን ይመርጣል ወደሚለው። እዚህ ማንም ሰው ተነሥቶ አልመረጠም አሉ። ደካማዋ ልጅ መሞቷ ከመነሻው በተፈጥሮዋ የታወቀ ነው፤ ጀልባው ላይ ግን ፓርከርን የመረጡት በሞቱ የሚተርፉት ሰዎች ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተደረገ፣ አንደኛዋ ሞተች፣ ሌላኛዋ ተረፈች። በዚህ ጊዜ ወደ ጎረቤት ቢሮ የተላከ ነገር አልነበረም፤ ሐዘኑም፣ ስሌቱም፣ ውሳኔውም በአንድ ችሎት ውስጥ፣ ምክንያቱ ለሁሉም በሚነበብ ጽሑፍ ላይ ነው ያለቀው። ዳኞቹ ውሳኔው ለዚህ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን አጥብበው አጠሩት። በደድሊና በስቲቨንስ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ግን አልሻሩትም።